የአንድ የማውቃቸው ሰው ሙዚቃ

ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ። ጫማዎን አያውልቁ፣ የኔ ወለል ላይ ስፒል አይጠፋም። እንዴት ሰነበቱ? ልጅዎስ፣ ሙሽራው? ... እሰይ፣ እሰይ። ሰማዩ ዛሬ ዳመን ብሏል አይደል? ቅዳሜም እንዲህ ቢሆንልን ጥሩ ነበር፤ ፀሐይ ሲበዛ ሰው ፎቶ ላይ ዓይኑን ይጨፍናል። በሉ ቀሚሱን ይልበሱትና መስታወቱ ፊት ይቁሙልኝ። እጅዎን ወደ ጎን ዘርጋ ያድርጉ... እንደሱ። አፌ ውስጥ ስፒል ይዣለሁና ቃል ቢጎረድብኝ እንዳይቀየሙኝ።

ውይ፣ ሳላስተዋውቅዎት! ሶፋው ላይ ያሉት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ያን ቀን ልጃችንን ሊጠይቁ ቤተሰቡን ይዘው ሲመጡ እሳቸው ውስጥ ክፍል ሥራ ላይ ስለነበሩ አልተገናኛችሁም። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ እኛው ጋ ናቸው። አያፍሩ፣ ምንም አይሉም፤ መጽሐፍ ከያዙ ቤቱ ቢፈርስም ቀና አይሉም። ... አንገታቸው ላይ ያለው? እሱ... የጆሮ መሸፈኛ ነው። ብርድ አይስማማቸውም።

ግድግዳው? አዎ፣ የእንቁላል ካርቶን ነው። ለጌጥ ነው እትዬ። አሁን እንዲህ ሆኗል ፋሽኑ።

ወገቡ ጋ ትንሽ ሰፋ ብሎብኛል፣ እይዘዋለሁ። ቀሚስዎን አዘገየሁብዎት አይደል? ታግሠውኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ትዕግሥት ካነሳን አይቀር... አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ። ኧረ እዚህ ቤት አይደሉም! ሌላ ሰው ናቸው። ሰፈራቸውም ሩቅ ነው።

ትልቅ ሰው ናቸው ታዲያ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነው የኖሩ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ካዩዎት ሳያጠፉ ይቅርታ የሚጠይቋቸው ዓይነት። ሰው ጡረታ ሲወጣ ምን ያደርጋል? አበባ ያጠጣል፣ ጋዜጣ ደረቱ ላይ አድርጎ ያንጎላጃል። እሳቸው ግን እንደ ማንም ናቸው እንዴ? አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ ጨው አቀብሉኝ እንደማለት፣ "የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አቀናባሪ ልሆን ነው" አሉ። ጨውም አቀበሏቸው። ምን ይደረጋል?

እኔ መቼም ድፍረት እወዳለሁ። ሌላው ጊታር ልማር ይላል፣ ጣቱ ይላጣል። ሌላው ከበሮ ይጀምርና ትከሻውን ያመዋል። እሳቸው አስተዋይ ናቸው፣ ማንንም የማያመውን መረጡ... እሳቸውን ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ላፕቶፕ መጣ። ቀጥሎ ፒያኖ የመሰለች ትንሽ ኪቦርድ መጣች፤ ሌላ ነገር ላይ ካልሰኳት ቢደበድቧትም ትንፍሽ አትልም። ከዚያ በካሬ በካሬ የተከፋፈለ፣ ሲነኩት ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ ሳጥን። ከዚያ ቁም ሳጥን የሚያካክሉ ሁለት ስፒከሮች። ገመዱንማ ይተዉት! በሩ ላይ ቆሞ የተዘረጋውን ገመድ ያየ ሁሉ "ማን ታሞባችሁ ነው?" ብሎ ይጠይቃል።

ትምህርቱን የሚወስዱት ከኢንተርኔት ነው። ለጀማሪዎች ተብሎ የተዘጋጀ። አስተማሪው ፀጉሩን አረንጓዴ ያስቀባ ወጣት ነው፣ ካልሲ የለውም፣ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚያስተምረው። እሳቸው ታዲያ ከረባት አስረው ነው ፊቱ የሚቀመጡት። ከረባት እትዬ! ልጁ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ሲል ብድግ ብለው "እንኳን ደህና ቆየኸኝ" ይላሉ። እንዲህ ያለ ጨዋነት ዛሬ የት ይገኛል? ቪዲዮውን አቁመው ውሃ ሊጠጡ ሲወጡ እንኳ እጃቸውን አውጥተው ያስፈቅዱታል።

ይዙሩልኝ እስቲ፣ ጀርባውን ልየው። ... ቆንጆ።

ልጁ በመጀመሪያው ትምህርት "ክፍላችሁ እንዳያስተጋባ ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ሸፍኑት" አለ አሉ። እንደኔና እንደርስዎ ያለ ሰው ምን ያደርጋል? ባለሱቁን ባዶ ካርቶን ስጠን ይላል። እሳቸው ግን ኩሩ ናቸው፤ ኃላፊ የነበረ ሰው ባዶ ካርቶን አይለምንም። ስለዚህ እንቁላሉ ከነካርቶኑ ተገዛ። ተገዝቶ ደግሞ ይጣላል? ተበላ። ቁርስ እንቁላል። ምሳ እንቁላል። እራት፣ ለለውጥ ያህል፣ የተቀቀለ እንቁላል። የቤቱ ልጆች መንገድ ላይ ዶሮ ሲያዩ አንገታቸውን ደፍተው ማለፍ ጀመሩ። ባለሱቁ "ኬክ ቤት ከፈታችሁ እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ ደግሞ የባለቤቴን ደም መርምሮ... የዚያን ቤት አባወራ ማለቴ ነው፣ የአባወራውን ደም መርምሮ "ስንት ዶሮ ነው የምታረቡት?" አለው።

ተሸፈነ ግን። ይግረምዎትና ልክ ይሄን ግድግዳ ነው የሚመስለው። አጋጣሚ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ካርቶኑ አለቀ። እንቁላል የሚበላም ጠፋ። ያኔ ወፍራም ጨርቅም ድምፅ ይውጣል የሚል ትምህርት አገኙ። በዚያ ቤት ደግሞ ልብስ ሰፊ አለች፣ እንደኔው። ለሰርግ የሚሆን የሰው ጨርቅ አስቀምጣለች፤ እንዲህ እንደለበሱት ወይን ጠጅ ነገር ነው ቀለሙ። አንድ ቀን ብትፈልግ የለም፣ ብትፈልግ የለም። በመጨረሻ መስኮቱ ላይ ተቸንክሮ አገኘችው። በመዶሻ፣ በሚስማር! ምን ብትል ጥሩ ነው? "አምሮበታል" አለች። እሳቸውም "ባሱን በደንብ ይውጥልኛል" ብለው መረቋት። ባስ ማለት እንግዲህ ያ ወፍራሙ ድምፅ ነው፣ ዕቃ የሚያንቀጠቅጠው።

... ትከሻው ላይ ያለችው ቀዳዳ? ይቺማ ዲዛይን ናት እትዬ። አበባ እለጥፍባታለሁ። በዚህኛውም በኩል አንዲት አለች፣ እንዳይከፋት ለሷም እለጥፋለሁ።

ሙዚቃውን አላወራሁዎትም ለካ! ዋናው እሱ ሆኖ ሳለ። ሙዚቃው እንዲህ ነው፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ጺቅ።

... አይ፣ አለቀ። ያ ነው። እኔ መርፌዬ ላይ ክር ሳላስገባ ያልቃል። ግን ምን ችግር አለው? ካለቀ በኋላ ከመጀመሪያው ይነሳል። ሉፕ ይሉታል፤ አንዴ ይሠሩትና ከዚያ ወዲያ እሱ ራሱን ይደጋግማል። ልጁ በሁለተኛው ትምህርት "አሁን ሉፑን ትተን ወደሚቀጥለው እንሂድ" ብሏል፣ ብዙ ጊዜ ብሏል፣ እሳቸው ግን የጀመሩትን ትተው የሚሄዱ ሰው አይደሉም። መዝገብ ቤትስ ቢሆን ሥራቸው አንዱን ደብዳቤ ማባዛት አልነበር? ክረምቱ ገባ፣ ዱም። ክረምቱ ወጣ፣ ጺቅ። ክፉ ሰው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ይለው ይሆናል። እኔ ግን ታማኝነት ነው የምለው።

ደግሞ አይሻሻሉም እንዳይሉ! አንድ ቀን ጺቋን ወደ ጻቅ ለወጧት። እውነቴን ነው! ቤት ውስጥ የነበርን ሁሉ... የነበሩት ሁሉ፣ ማንኪያ በእጃቸው እንደያዙ እርስ በርስ ተያዩ። አባወራው ዓይኑ እንባ አቀረረ። አዲስ ዘመን የመጣ ነበር የመሰለው። ማታ ግን ወደ ጺቅ ተመለሱ። ገና አልበሰለችም ብለው ይሆናል። ጥንቁቅ ናቸው።

እጅዎ ደከመ? ትንሽ ይታገሡኝ፣ እጅጌውን ብቻ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ምን መሰለዎት? ምስጢር ጠባቂነታቸው። "ይሄን ሥራ ከኔ በቀር በዓለም ላይ የሰማው ሰው የለም" ይላሉ። እንዴት መሰለዎት? የጆሮ ማዳመጫ አድርገው ነው የሚሠሩት። ትልቅ፣ ጆሮን ከነጉንጩ የሚውጥ። በሩን ዘግተው፣ እሱን ጭነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቢያዩዋቸው ሆድዎ ይባባል። ብቻቸውን የሚሰሙት ይመስላቸዋል።

እ... ስፒከሮቹን ማጥፋት ረስተዋል እትዬ።

ዛሬ አይደለም። ከገዟቸው ቀን ጀምሮ። ጆሯቸው ላይ ያለው አንድ ነገር፣ ግድግዳው ጥግ የቆሙት ሌላ ነገር፤ ሁሉም እኩል ይሠራል። ማዳመጫውን ሲያወልቁ ሙዚቃውን አቁመው ነው የሚያወልቁት፣ በየት ይወቁት? ... ካርቶኑማ ምን ያድርግ? የተሠራው ለእንቁላል ነው።

ስለዚህ ምስጢሩን ሰፈሩ በሙሉ ተካፍሎታል። የጎረቤት ሕፃን አፉን የፈታው "ዱም" ብሎ ነው፤ እናቱ "እማ በል" ስትለው "ጺቅ" ይላታል። ፎቅ ላይ ያለው የጥርስ ሐኪም በምቱ ነው የሚሠራው፤ በዱም ያነቃንቃል፣ በጺቅ ይነቅላል። ሕመምተኛው መቼ እንደሚነቀልለት አስቀድሞ ስለሚያውቅ ጥሩ ነው ይላሉ። ፖስተኛው ደረጃው ላይ ሲደርስ ሳያስበው እርምጃው ይስተካከላል፣ ደብዳቤ ሳይሆን ባንዲራ የያዘ ነው የሚመስለው። አባወራውም ሲያኝክ... ይተዉት እሱን።

ለምን አትነግሯቸውም ይሉኝ ይሆናል። ማን ይንገራቸው? አባወራውን እኮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እናትና አባት በልጅነታቸው ሲሞቱባቸው የራሳቸውን ትምህርት ጥለው ሥራ ገቡ። ትንሹን ወንድማቸውን አለበሱ፣ አስተማሩ፣ ዳሩ። ለራሳቸው ትዳር ሳይዙ፣ ሳይወልዱ ቀሩ። ይሄን ስናገር ስቄ አይደለም እትዬ። የዚያ ቤት ሚስት ማታ ማታ ስትሰፋ ስለሳቸው ታስብና የሰፋችውን መልሳ ትተረትራለች። ሰው ዕድሜውን ሁሉ ለሌላ ኖሮ፣ ለራሱ ብሎ የጀመረው የመጀመሪያው ነገር ዱም ሆነ። በየትኛው አፍዎ ነው አጥፉት የሚሉት? እኔ እወዳቸዋለሁ። በደንብ አውቃቸዋለሁና... ሰፈራቸው ሩቅ ቢሆንም።

ጭንቁ ምን መሰለዎት፣ እዚያ ቤት ሰርግ አለ። ቅዳሜ ነው። አጋጣሚ ነው።

እኚያ ሰው ለሙሽራዋ ስጦታ አዘጋጅቻለሁ ብለዋል። ስጦታው ያ ምስጢር ነው። ሙሽራዋ ስትገባ ይከፈታል፣ እንግዳው እስኪበተን አይዘጋም፣ ሌላ ሙዚቃም አያስፈልግም ብለዋል። ልጅቱ ደግሞ ከትንሽነቷ ጀምሮ የመረጠችው ዘፈን አላት፤ በሱ ልገባ ብላ መስታወት ፊት አንሶላ ተከናንባ ስትለማመድ ነው ያደገችው። ማታ ትራሷን አቅፋ ስታለቅስ ሰማኋት... ሰማቻት እናቷ። የሚያሳዝነው እትዬ፣ ሳጓ እንኳ በምቱ ነው የሚመጣው። እህ፣ እህ፣ እህ፣ እህ... ጺቅ። አፍንጫዋን ስትስብ ነው ጺቁ። ደስታዋ ቀርቶ ለቅሶዋም የራሷ አልሆነም።

እንግዲህ ከሙሽራዋ ወገን አፍ ያለው የለም። አባቷ እንዳልኩዎት ነው፤ ዱም ሲል አበባ ላጠጣ ብሎ ይወጣል፣ አበባ የለንም። የላቸውም። ግን የሙሽራው እናት... አስተዋይ ሴት ናቸው ይባላል፣ ወይን ጠጅም ያምርባቸዋል አሉ... እሳቸው አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ምን ይላቸዋል? "እኛ ሙዚቀኛ ይዘናል፣ እርስዎ የክብር ቦታዎ ላይ ቁጭ ብለው ይደሰቱልን" ቢሉ ማን ይቀየማል? የሙሽራው እናት ያለችው ይመለሳል እንዴ? የሰውዬው ቅስም አይሰበር፣ የልጅቱም ቀን አይበላሽ። ለዚያ ቤት እንዴት ያለ ውለታ ነበር!

ገባዎት እትዬ? ... ገባዎት! ተመስገን። አውቄው ነበር፣ ዓይንዎን አይቼ ነው።

... አዎ፣ ያሳዝናሉ። ቤተሰቡም ያሳዝናል። ... ምን አሉ? "ከኛ ይራቅ"? ... አዎ፣ ይራቅ፣ ግን እንዴት ነው የሚርቀው? ... ቆይ፣ እጅዎን አያውርዱ፣ ስፒል አለ! ወደ ጋሼ ምን አዞረዎት? ... ኮፍያቸው? አዎ፣ "አቀናባሪ" ነው የሚለው። እኔ ነኝ የጠለፍኩላቸው፣ በወርቃማ ክር። ... ኧረ የለም፣ ያኛው ሰው ሌላ ናቸው። ልክ ነው፣ እኔ ራሴ ነኝ ሌላ ናቸው ያልኩት። ሩቅ ሰፈር ያልኩትም እኔ ነኝ። ግን እትዬ...

ስልኩ ለምንድነው? ለልጅዎ? ... "ቤታችን አቀናባሪ እያለ"? ... ሙዚቀኞቹን ያስቀራቸው? አሁን? ምን አስቸኮለዎት! ነገ አይሻልም? ... አይ፣ ጋሼ እምቢ አይሉም። እሱን እንኳ አያስቡ። ... ነገሩት? ባንዴ? ... እንዴት ያለ ታዛዥ ልጅ ወልደዋል።

ጋሼ፣ እርስዎም ይሰሙ ነበር እንዴ? መጽሐፉን ይዘው አልነበር? ... አዎ፣ ምስኪን ናቸው። ... አዎ፣ ስፒከሩን ማጥፋት ነበረባቸው፤ ጀማሪ ስለሆኑ ነው። እነግራቸዋለሁ፣ "አንድ አቀናባሪ መክረውዎታል" እላቸዋለሁ። ... ካርቶኑንስ ወደዱላቸው? ... እሺ፣ እሱንም እነግራለሁ። ይግቡ፣ ይሥሩ። በሩን ሳብ ያድርጉት።

ገቡ። ወንበሩ ተሳበ። አሁን ጆሯቸው ላይ ጫኑት። እትዬ፣ መስታወቱን ያዝ ያድርጉት፣ ይንቀጠቀጣል።

ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ጺቅ።

... ምነው ፊትዎ? አይንቀሳቀሱ፣ ወገብዎ ላይ ስፒል አለ! ... ይሄማ አጋጣሚ ነው። ... እሱም አጋጣሚ ነው። ... እትዬ፣ እንግዲህ እኔም አጋጣሚ አለቀብኝ። ... ይደውሉ፣ ይደውሉ እስቲ። ... ሙዚቀኞቹ ሌላ ሰርግ ያዙ? እንዲህ ቶሎ? አይ ሙዚቀኛ! ... እኔ ነኝ? እኔ ምን አጠፋሁ? በግልጽ ነው የነገርኩዎት፤ የቀረኝ ስማቸውን መጥራት ብቻ ነበር። ... ይሄውልዎት፣ ራስዎን መነቅነቅ ጀመሩ። ሁላችንንም እንዲህ ነው የጀመረን። ለመጀመሪያው ሳምንት አንገት ያማል፣ ከዚያ ይለመዳል።

አቆሙት። እየመጡ ነው። ዓይንዎን ይጥረጉ።

ጋሼ፣ ኖር! በደህና ጊዜ መጡ። እትዬ ስለ ስጦታው ሊያመሰግኑዎት ፈልገው ደስታው ምላሳቸውን አሰረው። ልጄም ይሄን ስትሰማ እንዴት እንደምትሆን እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ በሁላችንም ስም እኔ ልመርቅዎት፤ ኮፍያዎን ያውልቁና ይቀበሉኝ።

ባለቤቴን አሳድገው እንደሰጡኝ እርስዎንም አምላክ ያሳድግልን። ጤናውን አያጓድልብዎት። ዕድሜ ይስጥዎት፣ ያቺ ጺቅ ተከታይ እስክታገኝ ድረስ የሚበቃ ረጅም ዕድሜ። ጎረቤቱን አንዱን ካንዱ ሳይለዩ እንደደረሱለት እሱም ይድረስልዎት። ቅዳሜ ደግሞ ጋሼ፣ ልጄ በዚያ በር ስትገባ፣ አምላክ ያንን ነገር ከጆሮዎ ላይ ያውልቅልዎትና ሙዚቃዎን እኛ ከክረምት ጀምሮ በሰማንበት ጆሮ ያሰማዎት።

... ምነው ጋሼ? ወደ ስፒከሮቹ ምን አዞረዎት? ... አሜን ይበሉ እንጂ።